ያለ ምስክር የተተከለ ድንኳን

ድንኳኑ ለማን እንደተተከለ የማያውቅ ሰው በብሎካችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሥሩ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር።

ያን ቀን ከሜክሲኮ በእግሬ ነው የመጣሁት። ነዳጅ ጠፍቶ የታክሲው ሰልፍ አደባባዩን ዞሮ ነበር፤ ባቡሩም ጢም ብሎ ሞልቶ አለፈኝ። ግቢ ስገባ መኪና ማቆሚያው ላይ የእድራችን ድንኳን ቆሟል። ሴቶቹ ትልልቆቹን ብረት ድስቶች ከበው ተቀምጠዋል፤ ሚስቴም መሃላቸው ናት። ማንም አያወራም። የልደታ ሴቶች የለቅሶ ቤት ሥራ ላይ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም፤ ሟቹን እያነሱ፣ ኗሪውን እያሙ ነው የሚከትፉት። የሚናገሩት እትዬ ብቻ ነበሩ።

«ምነው ዛሬ አፋችሁ ተለጎመ?» ይላሉ። «ለሌላ ብሎክ ለቅሶ እንዲህ የምትሆኑ ለራሳችን ሲሆን ምን ልትሆኑ ነው?»

አንዷ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሥታ ሄደች። ሄዳ አልተመለሰችም።

እትዬ የምላቸው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ናቸው። የድሮው ሰፈር ከመፍረሱ በፊት በአጥር ነበር የምንዋሰነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ዕጣው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር አስቀመጠን። ልደታ ማርያም ደጅ ላይ ጧፍ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። የምትኖርባት ከተማ በዚያ ሰሞን በአውሮፕላን ትደበደብ ነበር። ልጅቱ ያለችበት ሠፈር ከተመታ ወዲህ ስልኳ አይነሣም።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ሰው እንዴት መኖር እንዳለበት ደመወዝ ተቀብዬ እናገራለሁ ማለት ነው፤ ሚስቴን ይህ ነገር ያስቃታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በእነዚህ ዓመታት ከማስተምረው ይልቅ ስልኬን ሳይ ነው የምውለው። ጦርነት አያለሁ፣ ጎርፍ አያለሁ፣ ረሃብ አያለሁ፣ ከዚያ ራቴን እበላለሁ። ዓለምን የምጠብቃት ይመስለኝ ነበር፤ ዞር ካልኩ የምትወድቅ ይመስል። እትዬም ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ማታ ማታ በሬን ቆርቆር አድርገው «ዛሬስ ጦርነቱ ምን አለ?» ይሉኛል። የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ። ከኔ ሌላ የዜና ምንጭ አልነበራቸውም።

ነገሩ የጀመረው ከአራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ያለች አንዲት ተማሪ የልጅቱን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አየች፤ ከሥሩ የሚነድ ሻማ፣ ከላዩ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አለው። ለእናቷ አሳየች፣ እናቷ ለእድሩ ዳኛ ነገሩ፣ ዳኛው ሰው ሰበሰቡ። እኔም ተጠራሁ።

መርዶ በኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ባለቤቱ እህል መቅመሱን ያረጋግጣሉ፤ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ከዚያ ያስቀምጡታል፤ ቆሞ የሰማ ይወድቃል። በስልክ መርዶ ማርዳት ነውር ነው፤ ለብቻ ሄዶ መንገርም እንደዚያው። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ማንም ሰው ክፉ ነገሩን ብቻውን እንዳይሰማ የተፈጠረ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ባለቤቱ ምንም እንዳይሰማ አገር ሙሉ ይዋሻል። ተማሪዋ «ኔትወርኩን ላስተካክልልዎት» ብላ የእትዬን ስልክ ወሰደች። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ማታ ሲመጡ ጦርነቱ ጋብ ብሏል ማለት ነበር።

አልኳቸው። «ጋብ ብሏል እትዬ።» «ተመስገን» ብለው ገቡ፤ ወዲያው ተመልሰው ትኩስ ዳቦ በሳህን አመጡልኝ። ሚስቴ ቆርሳ ሰጠችኝ። ወደ ሳህኑ መለስኩት።

በነጋታው ያንን ፎቶ ከተማሪዋ ተቀብዬ ደጋግሜ አየሁት። ልጅቱ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት የበር መጋረጃ አጠገብ ቆማለች። መጋረጃውን አውቀዋለሁ፤ በሬን በከፈትኩ ቁጥር የማየው የእትዬ መጋረጃ ነው። ያንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ራሷ ተማሪዋ ነበረች። ልጅቱ ስትጠፋ እትዬ ለምነዋት «የት እንዳለች የምታውቁ» ብላ ነው ያወጣችው። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። አንዱ «እግዜር ያውጣት» ይላል። ሌላው «እዚያ ሕንጻ ላይ የነበሩት አልተረፉም አሉ» ይላል። ሦስተኛው ይህን አይቶ «ነፍስ ይማር» ብሏል። አራተኛው ፎቶውን ወስዶ ሻማ ጨመረበት፤ ተማሪዋም እንዲያ ሆኖ ስታየው የራሷ መሆኑን አላስተዋለችም። ከብሎካችን ጥያቄ ሆኖ የወጣው መርዶ ሆኖ ተመለሰልን።

ደረቴን ነፍቼ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ፤ መላውን ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ፣ ለሰው ለቅሶ ዝናብ የማይመልሳቸው ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሺ» አሉ። «ታዲያ ልጅቱ የት አለች?»

«አይታወቅም ነው የምልዎት ጋሼ። ያየ ሰው የለም።»

«ሕንጻው ወድቋል?»

«ወድቋል።»

«ስልኳ ተዘግቷል?»

«አዎ። ቢሆንም...»

«ስማኝ ልጄ። ታላቅ ወንድሜ ግንባር ሄዶ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በሯን ሳትቀረቅር ነው የኖረችው፤ ማታ ቢመጣ እንዳይመለስ ብላ። አንድ ደፋር መጥቶ ሞቷል ቢላት አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እኔ ያን አንድ ደፋር ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት። አንተ እውነት ትለኛለህ። እኔ እናት እልሃለሁ።»

እስካሁንም ያንን ንግግር የሚመታ መልስ አላገኘሁም። ብቻ «ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ፤ ዳኛው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርዶው በማግስቱ ማለዳ ሊነገር ተወሰነ። ማለዳ መኪና ማቆሚያው ስለሚሞላ ወጣቶቹ ድንኳኑን ከዋዜማው ከሰዓት ተከሉት። እትዬ ሲጠይቁ የወዲያኛው ብሎክ አዛውንት አርፈው ነው ተባሉ። ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር እትዬ ለቅሶ ሰምተው ቤታቸው የሚቀመጡ ሰው አለመሆናቸው ነው። የራሳቸውን ቢላዋና መክተፊያ ይዘው ወረዱ።

እኔ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው።

ቆሜ አየኋቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው በፍጥነት ይከትፋሉ፤ ያንዷን ሴት አከታተፍ ያርማሉ። ድፍን ብሎክ የሚያውቀውን እሳቸው ብቻ ሳያውቁ ለራሳቸው ለቅሶ ወጥ ሊሠሩ ነው። ነገ ማለዳ ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚያስታውሱት ይህንን ሽንኩርት እንደሚሆን ታወቀኝ። ልጅቱ ሞታም ይሁን አልሞተች፣ ይህንን ይቅር አይሉንም።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይምጡልኝ» አልኩ።

ሚስቴ ዓይኔን አይታ ገባት። በጭንቅላቷ እንዳታደርገው አለችኝ። ዳኛው ከድንኳኑ ጥግ «መምህር!» አሉ፤ ቀስ ብለው ነበር ግን ሁሉም ሰማ። እትዬ ቢላዋቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ። ወደ ደረጃው ገባን። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆምኩና «ይቀመጡ» አልኳቸው።

አልተቀመጡም። ስንት ሰው ዘንድ ማለዳ ለመርዶ የሄዱ ሴት ናቸው፤ ይቀመጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ለምን ልቀመጥ?» አሉኝ።

«ስለ ልጅዎ የምነግርዎት አለ። ሞታለች ልልዎት አይደለም። አለች ልልዎትም አይደለም። የማውቀውን ብቻ ነው የምነግርዎት።»

ያኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ቢላዋውን ከእጃቸው ወሰድኩት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ፎቶውን፣ ሻማውን፣ አልተረፉም አሉ ያለውን ሰው፣ ድንኳኑ ለማን እንደሆነ፣ ጦርነቱ ጋብ ብሏል ያልኳቸው ውሸት እንደነበር። እሪ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሴቶቹም ደረጃው አፍ ላይ ተኮልኩለው ያንኑ ይጠብቃሉ። እትዬ ግን እጃቸውን ያያሉ።

«ያየ ሰው አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ያገኘሁት የለም።»

«ቀበርኳት የሚል?»

«የለም።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ያን ሰዓት አለች ብላቸው ምን ነበረበት። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። «አላውቅም እትዬ» አልኩ።

ተነሡ። ደረጃውን ይዘው ወረዱ፤ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ድንኳኑ ፊት ቆመው ለወጣቶቹ እንዲህ አሏቸው፦ «ልጄን ያየ ሰው ሳይመጣ የልጄ ድንኳን አይቆምም። ንቀሉልኝ።» ወጣቶቹ ዳኛውን አዩ። ዳኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ገመዱ መፈታት ጀመረ። እትዬ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ሽንኩርቱን ተካፈሉት፣ ይበላሻል» አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የምትለው ተረት አፌ ላይ መጥታ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ዋጥኳት። ዳኛው አጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንድ ጊዜ የሚሞተውን በየቀኑ እንዲሞት አደረግኸው» አሉኝ። እትዬ ደግሞ ቢላዋቸውን ከእጄ ተቀብለው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፤ «የነገርከኝ አንተ ነህ። አብረኸኝ የምትጠብቀውም አንተ ነህ። ማታ ማታ ትመጣለህ።»

ስለ እውነት ብዙ አስተምሬያለሁ። ተናግረው ከጨረሱ በኋላ መቀመጥ እንዳለ ግን አላስተማርኩም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ማታ ማታ እሄዳለሁ። ተማሪዋ የመለሰችላቸው ስልክ ጠረጴዛው ላይ በመሃላችን ይቀመጣል፤ መብራት እንዳይጠፋበት ብለው ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ነው። ብዙ አናወራም። ከአንድ ቦታ ደወል ሲሰማ፣ የሌላ ቤት ስልክም ቢሆን፣ ሁለታችንም እንደነግጣለን። የማላውቀውን ሰው ሁሉ በጽሑፍ አስቸገርኩ፤ ኤምባሲ ደወልኩ፣ እዚያ ያሉ ማኅበሮችን ጠየቅሁ፣ መልስ የሰጠም አለ፣ የዘጋብኝም አለ። ዓለምን በስልኬ ማየት ያቆምኩት ያን ሰሞን ነው። አንድ ሰው መፈለግ ከጀመርኩ በኋላ ለሌላው ጊዜ አጣሁ፤ በዚህ ማፈር ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላውቅም።

አንድ ማታ ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመሩኝ። «ቄሱን ስሟን በጸሎት እንዲጠሩልኝ ላክሁባቸው። ከሕያዋን ጋር ነው ከሙታን ጋር ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አላውቅም፣ አላውቅም!» አሉና ጠረጴዛውን መቱት። «ሌላ ነገር አታውቅም? ያን ቀን ሞታለች ብትለኝ ምን ነበረበት? እስካሁን አልቅሼ፣ ሙቼም ቢሆን ተነሥቼ ነበር። እንቅልፍ የለኝም። ስበላ ርቧት ይሆን እላለሁ። ሳልበላ ስቀር ደግሞ ሞታለች ብዬ የፈረድኩባት ይመስለኛል።»

ቤቴ ስገባ ለሚስቴ ዳኛው ትክክል ነበሩ አልኳት። ከድንኳኑ ቀን ጀምሮ ከአስፈላጊ ቃል በቀር አታናግረኝም ነበር። ያን ማታ ግን ራት አቀረበችልኝና «ትክክል ቢሆኑስ? አሁን ትተሃቸው ልትቀር ነው?» አለችኝ።

ክፍል ውስጥም ማስመሰል አቃተኝ። ስለ ኃላፊነት እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዓለም እንዲህ ሆና አንድ ሰው ትክክል ቢኖር ምን ይለወጣል?» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ረጅምም ነበር። ያን ቀን ግን ማታ ማታ የምሄድበት ቤት እንዳለ፣ ካልሄድኩ አንዲት ሴት ብቻዋን ስልክ እያየች እንደምታመሽ ነገርኳት። ይህ መልስ ነው ወይስ አይደለም በሚል ዓይን ጓደኛዋን አየች። እኔም እንደሷ ነበርኩ።

በዚያ ሳምንት ማታ ስንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ዳኛው ነበሩ። ማንንም ሳያዩ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስክንነሣ ድረስ እንደኛ ስልኩን ሲያዩ ቆይተው ሄዱ። በማግስቱም መጡ። እትዬ ሦስት ስኒ ሻይ መቅዳት ጀመሩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከኮሌጅ ስመለስ የእትዬ በር ተዘግቶ አገኘሁት። በሩ ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ መጋረጃው ብቻ ነው የሚጋረደው። ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ሻንጣ የያዘች ልጅ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ከአውሮፕላን የወረደች ትመስላለች። እትዬን ጠየቀች፣ አስገቧት፣ ብዙ ቆየች። ዓይኗ አብጦ ወጣች። ከዚያ በሩን ዘጉት።»

«ምን አለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አልጠየቅኋትም።»

አንኳኳሁ። «መምህር፣ ዛሬ ሂድ» አሉኝ ከውስጥ። ድምፃቸው የሚያለቅስ ሰው ድምፅ አይደለም። የሚስቅም አይደለም። ዳኛው ከታች ወጡና አጠገቤ ቆሙ፤ በሩን አይተው፣ እኔን አይተው ወረዱ። ያቺ ልጅ በሕይወት ያለች ሰው መልእክት አምጥታ ይሆናል እያልኩ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። አልጋዬ ላይ ተገላብጬ አደርኩ።

ማለዳ፣ ሚስቴ ለልጆቻችን ቁርስ ስትሠራ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው ዳኛው ቆመዋል፤ ትልቁ ሰውዬ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከታች ጀምረው ነው የመጡት፤ የየቤቱ በር ተከፍቶ የለቅሶ ድምፅ ከደረጃው ይሰማል። ድፍን ብሎኩን በር በበር እያንኳኩ ያረዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኛ ለእሳቸው ልንሄድ ያሰብነውን እሳቸው ለኛ መጡ።

አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ።

«እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«አልቀመስኩም።»

ሚስቴን አዩአት። ከምጣዱ ላይ ቆርሳ በእጃቸው ሰጠቻቸው። እትዬ አጎረሱኝ። እስክውጠው ጠበቁ።

«ያየች መጣች» አሉ። «ቁጭ በል መምህር።»

ተቀመጥኩ።